የተቀቀለ ብረት

ወለሉ ሲሚንቶ ስለነበረ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም፣ አዋላጆቹን ያስተማርኩበት አዳራሽ ወለሉ አፈር ቢሆን ኖሮ ዓምናውኑ አየው ነበር፣ ዓይኔ እያየ መቀሱን መሬት ላይ ይተክሉት ነበር፣ እኔም ኧረ ምን መሆናችሁ ነው እል ነበር፣ እነሱም ይነግሩኝ ነበር፣ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር፣ ዛሬ እዚህ ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና ላይ ተቀምጬ ፍጠን ፍጠን አልልም ነበር። ፍጠን። አብዱልሀኪም፣ ፍጠን በል። አይሰማኝም፣ በሆዴ ነው የምለው፣ በአፌማ ብዬ ብዬ ደክሞኛል፣ መሪውን እንደያዘ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነው የሚለኝ፣ ስማ እንዳለው ወንድሜ፣ የሐምሌ ጭቃ በቁጣ አይነዳም፣ ደግሞስ ልጅ ልታይ ነው የምትሄድ፣ ለቀብር አይደል፣ ምን እንዲህ ፊትህን አጠቆረው።

ለቀብር አይደል።

ሚስቴ ምጥ ላይ ናት። ሀብትነሽ። ከትናንት ማታ ጀምሮ፣ እናቷ ቤት፣ ከቡሬ ወዲህ ሚካኤል ደብር ሥር፣ የበኩር ልጅ በእናት ቤት ነው የሚወለድ ብለው ሰኔ ሲገባ በበቅሎ ወሰዱብኝ፣ እኔም እሺ አልኩ፣ ደስም አለኝ፣ ምክንያቱም እዚያ እትዬ ታንጉት አሉ፣ ካስተማርኳቸው አዋላጆች ሁሉ አንደኛዋ፣ እጃቸውን እስከ ክርናቸው የሚታጠቡ፣ መቀሱ እስኪፈላ አቡነ ዘበሰማያት የሚደግሙ። ዛሬ ጠዋት ከቡሬ የመጣ ነጋዴ ባለቤትህን ምጥ ይዟታል ሲለኝ አልደነገጥኩም። እትዬ ታንጉት አሉ አልኩ። ፈገግ ያልኩም ይመስለኛል። ፈገግ አልኩ፣ አዎ፣ ነጋዴውን መልእክት ስላደረሰልኝ ጠላ ጋበዝኩት፣ አይ እኔ።

መኪናው ጨው ጭኖ እስኪነሳ ጊዜ ነበረኝ፣ እትዬ ማሚቱ ቤት ጎራ ያልኩት ለዚያ ነው፣ እሳቸውም ተማሪዬ ናቸው፣ ቤታቸው ከፍኖተ ሰላም ጫፍ ከወንዙ ማዶ ነው፣ ልጅ ልወልድ ነው እትዬ ማሚቱ አልኳቸው፣ ሳቁብኝ፣ አንተማ ምን አለብህ፣ የምታምጥ እሷ አሉኝ፣ እስኪ እንግዲያ አልኩ በጨዋታ፣ አዳራሽ ውስጥ ነው እንጂ እቤትዎ እንዴት እንደሚያደርጉት አንድ ቀን አላየሁም፣ ያሳዩኝ። በጨዋታ! ለሥራዬ ብዬ እንኳ አይደለም። ነጠላቸውን ጠቅልለው ሕፃን አደረጉት፣ መደብ ላይ አስተኙት፣ እጃቸውን ታጠቡ፣ ጎበዝ፣ መቀሱን ከፈላው ውሃ በክሩ ስበው አወጡት፣ ጎበዝ፣ ምንም ሳያስነኩ አንጠልጥለው ሄዱ፣ ጎበዝ ልል አፌን ስከፍት ጎንበስ አሉና ከመደቡ ራስጌ፣ በእበት ከተለቀለቀው መሬት ላይ፣ ችክል አድርገው ተከሉት።

ምን አደረጉት አልኩ። ተከልኩታ። ለምን። ለምን! አዘኑልኝ፣ አይተውኝ ከልባቸው አዘኑልኝ፣ ብረት ነዋ ልጄ፣ ምጥ የያዛት ሴት ከራስጌዋ ብረት ሳይተከልላት እንዴት ብላ ትወልዳለች፣ ደም የሸተተው ጋኔን ሁሉ አይሰፍርባትም? ዱሮማ ማጭድ ነበር የምንተክል፣ አንተ ይኸን ስትሰጠን ጊዜ ከማጭድ ይኸ ይሻላል ተባባልን፣ የተቀቀለ ብረት እኮ ነው፣ የተቀቀለ ብረት ማን ይደፍራል። ከዚያስ አልኩ፣ ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ፣ ከዚያስ እትዬ ማሚቱ? ከዚያማ ልጁ ይወርዳል፣ እንግዴ ልጁ ሲከተል ጊዜ ነቅዬ እትብቱን በሱው እቆርጣለሁ፣ ከዚህ መቀስ በቀር ሌላ ብረት እትብት እንዳይነካ ብለህ አልነበር?

ብዬ ነበር።

ማጭዱ ለጋኔኑ፣ ምላጩ ለእትብቱ፣ ሁለት ብረት ነበር የነበራቸው። እኔ መጣሁና አንድ አደረግሁት። ጌታዬ። መንጋጋ ቆልፍ ከአፈር ነው የሚመጣው፣ ከብት ከረገጠው፣ እበት ከነካው አፈር፣ በብረቱ ስለት ይጓዝና በእትብቱ ቁስል ይገባል፣ ልጁ ግን ወዲያው አይታመምም፣ ይጠባል፣ ይተኛል፣ ጎረቤት ይመርቃል፣ ሳምንት ሲጠጋ ጡት አልይዝ ይላል፣ አፉ ይገጥማል፣ ጀርባው ይጎብጣል፣ በቃ፣ ይኸን ሁሉ እኔ ነኝ የማስተምር፣ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ እየጻፍኩ፣ ማንበብ ለማይችሉ ሴቶች። ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች እያሉ ሲስቁብኝ አብሬ ስቄ ነበር። ከቆዳ የሰፋሁት አሻንጉሊት ነበረን፣ እትብቱ የተገመደ ጥጥ፣ ጠረጴዛ ላይ አስተኝተን፣ ከራስጌው እንጨት፣ ከሥሩ ሲሚንቶ፣ የት ይተክሉታል? መትከያ ስለሌለ ዘለሉት። ዘለሉት እንጂ አልተዉትም። እኔም ሁሉንም አሳለፍኳቸው።

መኪናው ተንሸራተተ፣ አብዱልሀኪም ያ ረቢ አለ፣ ተመለሰ፣ ዝናቡ መስታወቱ ላይ ይወርዳል፣ በጨርቅ ይጠርገዋል፣ ጨርቁ ጨው ጨው ይሸታል። ከመንገዱ ዳር ገሳ የደረቡ ሰዎች በሬዎቻቸውን ይዘው ቆመው ያዩናል። ምን ሰዓት ይሆን? ምጥ የበኩር ነው፣ የበኩር ምጥ ይረዝማል፣ ይርዘም፣ ሀብትዬ ይቅር በይኝ፣ ይርዘምብሽ፣ እኔ እስክደርስ አትውለጂ። ምን ዓይነት ባል ነው የሚስቱን ምጥ ይርዘም የሚል?

አሁን ዶክተር ወልደ ዮሐንስ እዚህ ቢኖሩ ምን ይሉኝ ነበር፣ አውቀዋለሁ፣ ተረጋጋ ይሉኝ ነበር፣ ኮሌጅ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፣ ጥናቱንም የነደፉልኝ እሳቸው፣ ስማ እንዳለው አሉኝ ያኔ፣ ትምህርት ጥሩ ነው ብሎ መዘመር ቀላል ነው፣ ትምህርት ሞትን መቀነሱን አሳየኝ፣ ምክንያት ይኸ ነው፣ ውጤት ይኸ ነው ብለህ አሳየኝ። ወደ ቡሬ በኩል ያሉትን አዋላጆች አስተምር፣ ወደ ጅጋ በኩል ያሉትን ለጊዜው ተዋቸው፣ ዓመት ይለፍ፣ ከዚያ ሂድና የቱ ጋ ብዙ ሕፃን ሞተ ብለህ ጠይቅ። ቀላል ነበር፣ ያምራል፣ አንዱን አስተምሮ ሌላውን ትቶ ማወዳደር፣ ለሳይንስ ነው ተባልኩ፣ ሌሊት እየተነሳሁ ለጅጋ እናቶች አዝን ነበር፣ አቤት ፈረደባቸው፣ በሚመጣው ዓመት አስተምርላቸዋለሁ፣ እግዜር እስከዚያ ይጠብቃቸው እያልኩ። እግዜር ጠበቃቸው። ከእኔ ጠበቃቸው።

ምክንያቱም ሚያዝያ ላይ ዞሬ ስጠይቅ የሞተው የበዛው ካስተማርኳቸው ዘንድ ነው። ከቡሬ በኩል። ደንግጬ ዶክተር ዘንድ ሄድኩ፣ አስተማርኩና ገደልኩ እንዴ ጌታዬ አልኳቸው፣ ሳቁ፣ ደግ ሰው ናቸው፣ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ፣ ዶሮ ጮኸ፣ ፀሐይ ወጣች፣ ታዲያ ዶሮ ነው ፀሐይን ያወጣ? አብሮ መጣ ማለት አመጣው ማለት አይደለም፣ አስብ እስኪ፣ የቡሬ ሴቶች ተማሪዎችህ ናቸው፣ ወደውሃል፣ የሆነውን ሁሉ ይነግሩሃል፣ የጅጋዎቹ አያውቁህም፣ ክርስትና ሳይነሳ የሞተ ሕፃን ስም የለው፣ ተዝካር የለው፣ እንኳን ለባዕድ ለጎረቤትም አይወራ፣ ስለዚህ ቡሬ ላይ የበዛው ሞቱ አይደለም፣ የበዛው መናገሩ ነው። እንዴት ያለ ቆንጆ ምክንያት ነበር። እውነትም ይመስል ነበር፣ እንዲያውም ግማሹ እውነት ሳይሆን አይቀርም፣ ይኸ ነው የሚያስፈራኝ፣ ግማሽ እውነት ነው ያስተኛኝ። ሚያዝያን ተኛሁበት፣ ግንቦትን፣ ሰኔን፣ ሚስቴን በበቅሎ ጭነው ሲወስዱብኝ ቆሜ እጄን አወዛወዝኩ።

ሄጄ ማየት ነበረብኝ። ግን የት ገብቼ? ወንድ ምጥ ቤት አይገባም። እናቴ ታናሼን ስትወልድ እኔን ጎረቤት ሰደዱኝ፣ አባቴ ከበረቱ ጀርባ ተቀመጠ፣ ስንመለስ ልጅ አለ፣ እኛ የምናውቀው ይኸን ነው፣ ስንወጣ ሆድ፣ ስንገባ ልጅ። መሐል ያለውን አንድም ወንድ አያውቀው። እኔ ደግሞ ያላየሁትን ቤት ላስተምር ተነሳሁ፣ ያላየሁትን ቤት ላጠና፣ የጤና መኮንን እንዳለው ተብዬ፣ በደንብ ልብስና በጥቁር ጫማ።

እትዬ ታንጉትስ። አቤት። ስለሳቸው አላስብም እላለሁ፣ መልሼ እዚያው ነኝ። ከፋሲካ በኋላ ስጠይቃቸው የነገሩኝ፣ በራቸው ላይ ቆመው፣ የልጃቸው ልጅ፣ በገዛ እጃቸው ያዋለዱት፣ ወንድ፣ ጡት አልይዝ ብሎ ሞተ፣ አፉ ገጥሞ። እንባ የለም፣ ክርስትና ላልተነሳ አይለቀስም። እኔ ምን አልኩ? ምን አልኩ፣ ምላሴ በተቆረጠ፣ ምናልባት በደንብ አልቀቀሉት ይሆናል እትዬ ታንጉት አልኩ። ወይ እመቤቴ፣ አዩኝ፣ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ። በሌላ ቀን ሳገኛቸው ከዚያ ወዲህ ውሃው ተንኖ እስኪያልቅ ነው የምቀቅል አሉኝ፣ እኔም ጎበዝ አልኳቸው። ጎበዝ!

ለምን ቆመ? ለምን ቆምክ? ማንኩሳ ነው፣ ጨው የሚወርድ አለ ይላል፣ ሁለት ጆንያ ብቻ፣ አሁን ይቆማል? ሰዎች ይወጣሉ፣ ይሰላለማሉ፣ ልጆች ደህና፣ ከብት ደህና፣ ዝናቡ እንዴት ከረመ፣ እግዜር ይመስገን፣ የኛ ሰው ሰላምታ፣ ቤት ቢቃጠል ሰላም ሳይባባል አያጠፋም፣ እኔ ከውስጥ የበሩን እጀታ ይዣለሁ፣ ልውረድና ልሩጥ? በእግሬ ብሮጥ ማታ ነው የምደርስ። አብዱልሀኪም ተመልሶ ገባ፣ እየሳቀ፣ የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል፣ አንተ ደግሞ አግብተህ አስረግዘህ ነው የጨነቀህ አለኝ፣ ሊያጫውተኝ ነው፣ አልሳቅኩም፣ አየኝ፣ እንዳለው፣ ምን ሆነሃል፣ ንገረኝ፣ ሰው እንደዚህ አያደርገውም ልጅ ሊወለድለት።

ነገርኩት። ተዘረገፈ፣ መቀሱ፣ መሬቱ፣ የተቀቀለው ብረት፣ የሞቱት፣ እንዴት እንደወጣኝ አላውቅም፣ እሱ ሞተሩን አላስነሳም፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ከዚያ ምን አለኝ፣ የኔዋ ኡምሀኒ የወለደች ባንተ መቀስ ነው አለኝ። ጥር ላይ። እኛም ቤት ብረት ይተከላል፣ ይኸ የሙስሊም የክርስቲያን የለውም፣ ልጄ ይኸው አለ፣ መዳህ ጀምሯል፣ የጨው ጆንያ ሲቀድ ነው የሚውል። አለ? አለ ወላሂ። ደረቴ ተከፈተ፣ አለ፣ አንዱ አለ፣ መሬት የነካ መቀስ ቆርጦት አለ፣ እንግዲያ የሀብትዬም፣ ወዲያው የዶክተር ድምፅ መጣ፣ እንዳለው፣ አንድ ልጅ ማስረጃ አይሆንም፣ አንድ ልጅ ስለዳነ መርዙ መርዝ አይደለም አይባልም። ዝም በሉኝ ጌታዬ። ለዛሬ ብቻ ዝም በሉኝ፣ ይኸን አንድ ልጅ ይዤ ልሂድበት።

አሁን ይነዳል። አሁን ነዳ፣ ጭቃውም ቁጣውም ጠፋበት፣ ከጎኔ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ የሚጸልይልኝ ይመስለኛል፣ ልጠይቀው አልፈለግሁም።

የሚካኤል ደብር ዛፎች ይታያሉ፣ እዚህ አውርደኝ፣ ዘልዬ ወረድኩ፣ ጫማዬን ጭቃው ውጦ አስቀረው፣ ይቅር፣ አንዱን ጥዬ አንዱን አውልቄ በባዶ እግሬ በዳጉሳው መሐል፣ ሰው ይጮህብኛል፣ ማሳዬን፣ ይቅርታ፣ ማሳውን እከፍላለሁ፣ ሚካኤል፣ ስማኝ ሚካኤል፣ ትልቁን ጃንጥላ አገባልሃለሁ፣ ወርቀ ዘቦ ያለውን፣ እስክደርስ ብቻ፣ እንግዴ ልጁን እስክደርስ ያዝልኝ፣ እንዲህ ያለ ስለት የተሳለ ሰው ይኖራል? እንግዴ ልጅ እንዲዘገይ? ቢዘገይ ደግሞ እሷን ይገድላታል፣ ደም ይፈሳታል፣ ይኸንንም አስተምራለሁ፣ ይኸንንም አውቃለሁ፣ እንግዲያ ምን ልለምን፣ አያዘግይ አያፍጥን፣ ሚካኤል አንተ ታውቃለህ፣ እኔ ማሰብ አልቻልኩም።

ቤቱ። ጢሱ። ወንዶቹ ከአጥሩ ሥር ቁጢጥ ብለዋል። እልልታ አልሰማሁም፣ አልተወለደም ወይስ፣ እልልታ ለምን የለም? አንዱ እንኳን ደህና መጣህ ሊለኝ ተነሳ፣ አልፌው ሄድኩ፣ በሩ ላይ ስደርስ ከውስጥ ልጅ አለቀሰ።

አለቀሰ። ልጅ ነው። የኔ ልጅ ነው።

አማቴ እመት ወለተ ሥላሴ በሩን ሙሉ ሆነው ቆመዋል፣ ወዴት ነው አሉኝ፣ እማማ ያሳልፉኝ፣ ምን ነካህ፣ ወንድ ነህ እኮ፣ ገና እንግዴ ልጁ አልወረደም፣ አልወረደም? አልወረደም! እሰይ፣ እሰይ አልኩ በአፌ፣ ሴትዮዋ ያበድኩ መሰላቸው፣ በትከሻቸው ላይ አሻግሬ አየሁ፣ እሳቱን፣ የሀብትነሽን እግር፣ የእትዬ ታንጉትን ጀርባ፣ ከራስጌዋ ደግሞ መቀሱን፣ ቆሟል፣ እጀታው ያበራል፣ ስለቱ እስከ ግማሹ መሬት ገብቷል። እትዬ ታንጉት ብዬ ጮህኩ፣ እንዳይቆርጡበት፣ በዚያ እንዳይቆርጡበት፣ ይንቀሉት፣ ያውጡልኝ! ቤቱ ተንጫጫ፣ አማቴ ደረቴን በሁለት እጃቸው ገፉ፣ ብረቱን ልታስነቅልብኝ ነው? ደሟ ሳይደርቅ፣ እንግዴ ልጇ ሳይወርድ፣ ልጄን ባዶ ሜዳ ልታስቀርብኝ? ስትማር ነው እንዲህ ያደረጉህ? እየጮሁ ነው፣ ግን ዓይናቸውን አየሁት፣ ቁጣ አይደለም፣ እንደኔው ፈርተዋል፣ ከኔ እኩል፣ እሳቸው ለልጃቸው፣ እኔ ለልጄ፣ ሁለታችንም በአንድ ብረት የተነሳ ነው።

እና ያኔ ገባኝ። ምን አለበት ቢቆም? ይቁም። ጋኔኑን ይጠብቅ። እማማ አልኩ፣ አይነቀልም፣ በሚካኤል ይሁንብኝ አይነቀልም፣ ሌሊቱንም ነገም እዚያው ይዋል፣ ለእትብቱ ግን ሌላ ብረት፣ አንድ ለሷ አንድ ለልጁ። ቀዝቀዝ አሉ። ሁለት ብረት? ሁለት። እንደ ዱሮው? እንደ ዱሮው እማማ፣ እንደ ዱሮው። ከኪሴ ምላጩን አወጣሁ፣ ጺሜን ልላጭበት የገዛሁት፣ ገና ከወረቀቱ ያልወጣ፣ ሳወጣው ጣቴን ቆረጠኝ፣ እትዬ ታንጉት ዞር ብለው አዩኝ፣ ምላጩን በክር አስረው መቀሱ የተቀቀለበት ድስት ውስጥ ጨመሩት፣ ከሥሩ እንጨት አቀጣጠሉ።

ፍላ። ፍላ በል። ውሃ እንዲህ ይዘገያል? ልጁ ያለቅሳል፣ ሀብትነሽ መጣህ አለችኝ፣ ድምፅ የላትም፣ ማን አስገባህ አለችኝ፣ ልትስቅ ፈልጋ ነው፣ አማቴ ከበሩ ላይ አልተነሱም ግን አላስወጡኝም፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረዋል፣ እንዳላዩኝ መሆናቸው ነው። ውሃው ፈላ። እንግዴ ልጁ ወረደ፣ እትዬ ታንጉት እትብቱን በሁለት ቦታ አሰሩ፣ እጃቸው ወደ ራስጌው ሄደ፣ ልማድ ነው፣ ወደ መቀሱ፣ እጃቸው አየር ላይ ቆመ፣ ተመለሰ፣ ምላጩን ከውሃው ሳቡ፣ ቆረጡ። ሴት ናት አሉ። እልልታው ጆሮዬን ደፈነው፣ እኔ ከምሰሶው ሥር ቁጭ አልኩ፣ አላለቅስም ብዬ አለቀስኩ።

ደጅ ነኝ አሁን። ዝናቡ አባርቷል። ውስጥ ገንፎ ይገነፋል፣ ልጄ ትጠባለች፣ ነግረውኛል፣ ቆንጥጣ ይዛ ነው የምትጠባ ብለውኛል። ፍርሃቱ ይለቀኛል ብዬ ነበር፣ አልለቀቀኝም፣ ቦታ ቀየረ እንጂ፣ ከዚህ እስከ ደጋው ድረስ በየቤቱ ያን መቀስ አስቀምጫለሁ፣ ምናልባት በዚች ሰዓት አንዷ እየተከለችው ነው፣ ነገ በጠዋት እነሳለሁ፣ ቤት ለቤት፣ ሁለት ብረት እላለሁ፣ ለምን ይሉኛል፣ ያኔ ምን እላቸዋለሁ።

እትዬ ታንጉት ወጡ። እጃቸውን ሊታጠቡ። ቅሉን አንስቼ ውሃ ማፍሰስ ጀመርኩላቸው፣ ዓይናቸውን አላየሁም፣ እጃቸውን ነው የማየው፣ ደሙ በጣታቸው መሐል ይወርዳል። መምህር፣ ይላሉ፣ ምነው ሌላ ብረት አልክ? ማንም እንዳይሰማ አድርገው ነው የጠየቁኝ። አፈሩ ነው እላለሁ፣ መቀሱ አይደለም እትዬ ታንጉት፣ መሬት ሲተከል የሚነካው አፈር ነው። ውሃው ይፈሳል። እንግዲያ፣ ይላሉ፣ ያ የልጄ ልጅ።

ጥያቄ አይደለም፣ እንዲሁ ነው ያሉት፣ አይጨርሱትም። እኔ ደግሞ ምላሽ አለኝ፣ ተዘጋጅቶ ምላሴ ላይ ነው ያለው፣ አብሮ መጣ ማለት አመጣው ማለት አይደለም፣ በአንድ ልጅ አይፈረድም፣ የአብዱልሀኪም ልጅ አለ አይደል፣ ሌላም ምክንያት ሊኖር ይችላል፣ ማን ያውቃል፣ ብላቸው እኮ ያምኑኛል፣ መምህራቸው ነኝ፣ ዛሬ ማታ ይተኛሉ፣ እኔም እተኛለሁ፣ እንደ ሚያዝያው። ፈራሁ። ከመኪናው ይልቅ፣ ከበሩ ይልቅ አሁን ፈራሁ።

በደንብ ቀቅለውት ነበር እላለሁ። እትዬ ታንጉት፣ እርስዎ በደንብ ቀቅለውት ነበር። እንዲያ ያስተማርኩዎ እኔ ነኝ።

ቀና ብለው አያዩኝም። አፍስስ ይላሉ። አፈሳለሁ። ይታጠባሉ፣ መዳፋቸውን፣ የጣታቸውን መሐል፣ እስከ ክርናቸው፣ እንዳስተማርኳቸው፣ ደሙ ከሄደ ቆይቷል፣ ቅሉ ባዶ ሆኗል፣ ባዶውን ደፍቼ ይዣለሁ፣ እሳቸው ይታጠባሉ